ሽጉጥና ሸጓጭ

አማቼ ከእህቴ ጋር ለፋሲካ ከዳላስ መጣ። በር ላይ እንደ ወጉ ትከሻ ለትከሻ ተጋጨን፤ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳምን፤ አልበቃ ብሎኝ ጥምጥም ብዬ ሳቅፈው ግራ እጄ ቀኝ ሽንጡ ላይ ከአንድ ጠንካራ ነገር ጋር ተገናኘ።

«ስልክህ ነው?» አልኩት።

«አይደለም።»

«ወገብህን ያምሃል እንዴ? ድጋፍ ነው ያሰርከው?»

እህቴ በሳቅ ፈነዳች። እሱ ጃኬቱን ወደ ታች ሳብ አደረገና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ዝም በል፤ ልጆቹ ይሰማሉ» አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውዬው ዶሮ ወጥ ወደሚሸትተው አፓርታማዬ ታጥቆ ነው የገባው።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ ሁሉንም ዘረገፈልኝ። በየቀኑ ነው የሚይዘው። «እንደ ቁልፍና እንደ ቦርሳ በለው» አለኝ፤ ጠዋት ሲለብስ ይታጠቃል፣ ማታ ሲያወልቅ ይፈታል። ቴክሳስ ከ2021 ሴፕቴምበር ጀምሮ (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጁ ነው የምቆጥረው) ዕድሜው 21 የሞላና ሕግ ያላገደው ሰው ያለ ፈቃድ ወረቀት ሽጉጥ እንዲይዝ ፈቅዳለች። አማቼ ግን ከቴክሳስ ሲወጣ እንዳይቸገር ፈቃዱን እንደያዘ ነው። በአውሮፕላን እንዴት እንዳመጣው ስጠይቀው፣ ጥይቱን አውጥቶ፣ በሚቆለፍ ጠንካራ ሳጥን አድርጎ፣ ለአየር መንገዱ ሠራተኛ አስታውቆ፣ በሚጫነው ሻንጣ እንደላከው ስለ ሸሚዝ እንደሚያወራ ሰው ነገረኝ። እኔ ከአዲስ አበባ ሦስት ኪሎ በርበሬ ይዤ ስመለስ ደለስ አየር ማረፊያ ጉምሩክ ፊት ጉልበቴ የከዳኝ ሰው ነኝ።

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የማሰላስለው ግን ስለ ሌባ አልነበረም፤ ስለ ቃሉ ነበር። ሽጉጥ የሚለው ስም የወጣው ሸጎጠ ከሚለው ግስ ነው። የተሸጎጠ ነገር ሽጉጥ ይባላል። አሜሪካኖች ተደብቆ ስለሚያዝ ሽጉጥ ለመናገር ቃል ሲደረድሩ ይውላሉ፤ እኛ ስሙን ስናወጣለት መደበቁንም አብረን ጨርሰነዋል። የማይሸጎጥ ሽጉጥ በአማርኛ የማይከድን ክዳን ማለት ነው።

ቃሉ እንዲህ ይበል እንጂ መደበቅ ላይ ጎበዞች ነበርን አልልም። ጠመንጃው እንደሆነ ለመታየት የተፈጠረ ነው። የፈረንሳዩን «ፉዚ ግራ» ውጅግራ፣ የእንግሊዙን «ስናይደር» ስናድር ብለን እንደ ልጅ ስም አውጥተን ያሳደግን ሕዝብ ነን። ምንሽር ያለው ሰው ለሠርግም ለለቅሶም ትከሻው ላይ አጋድሞ ይሄዳል፤ ቤት ሲገባ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል፤ እንግዳም ሳይጠይቅ አይወጣም። ሽጉጥ ያለውስ? በልጅነቴ በደርግ ዘመን ሰፈራችን ውስጥ አንድ ካድሬ ነበር። ማካሮቩን ኮቱ ሥር ሸጉጦ ጠጅ ቤት ይገባል። ከዚያ ይሞቀዋል። በክረምት፣ በሐምሌ፣ ዝናብ እየወረደ ይሞቀዋል። ሲሞቀው የኮቱን ቁልፍ ይፈታል፤ ቁልፉ ሲፈታ ማካሮቩ ብቅ ይላል፤ ብቅ ሲል ጠጅ ቤቱ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ብርዱ ይሰማውና ኮቱን ይቆልፋል። ሽጉጥ ሲሸጎጥ ያየሁት እንዲህ ነው።

የአማቼ ጥበብ የዚህ ተቃራኒ ነው። ማንም እንዳያውቅ፣ ማንም እንዳይጠረጥር፣ ሸሚዙ ላይ ቅርጹ እንኳ እንዳይታይ። ቅርጹ በልብስ ላይ ሲወጣ በእንግሊዝኛ «ታተመ» ይሉታል፤ እንደ ጋዜጣ። እሱ በዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የታተመው፤ እሱም እኔ ቤት፣ በእኔ እቅፍ።

ለምን እንዳማረኝ ልናዘዝ። እኔ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከመሬት በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ ነው የምሠራው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ የመጨረሻዋ መኪና ወጥታ መብራቱ ግማሽ በግማሽ ሲጠፋ፣ የእግሬ ድምፅ ከኋላዬ እየተከተለኝ ይመጣል። የራሴ እግር መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ዞሬ አያለሁ። ፈሪ ነኝ፤ ይኸው ነው ምክንያቱ። አማቼ ወደ ዳላስ በተመለሰ በሳምንቱ በምኖርበት በሰሜን ቨርጂኒያ ወደ አንድ መሣሪያ ቤት ሄድኩ።

መሣሪያ ቤት ሲሉኝ የጨለመ፣ ዘይት ዘይት የሚል ቦታ ጠብቄ ነበር። የፒያሳ ወርቅ ቤት ነው የሚመስለው። ከመስታወት በታች ትናንሾቹ ተደርድረው ያብረቀርቃሉ፤ ዋጋቸው ከጎናቸው አለ፤ አብዛኞቹ ከ300 እስከ 600 ዶላር። ሻጩ ጺማም ሽማግሌ ነው፤ ገና በሩን ሳልዘጋ «ሰር» አለኝ። ትንሽ፣ የማትታይ፣ ለየቀኑ የምትሆን እፈልጋለሁ አልኩት። ጨርቅ ዘረጋና አንድ በአንድ ያወጣልኝ ጀመር። ከኋላ የተኩስ መለማመጃ አዳራሽ አላቸው፤ የወደድከውን ተከራይተህ ትሞክራለህ። ጫማ ሳይለኩ አይገዛም አይደል? እንደዚያ ነው።

በመጀመሪያ ያነሳኋት ሩገር ኤል.ሲ.ፒ. የምትባለዋን ነው። በ2008 የወጣች ናት፤ ባዶዋን 270 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ ከሩብ ኪሎ ቡና ብዙም አትበልጥ። መዳፌ ላይ ስትቀመጥ አሳዘነችኝ። የምትጎርሰው ጥይት ሦስት ሰማንያ ይባላል። ይህ ጥይት ከታዋቂው 9 ሚሊ ሜትር ጋር አንድ ውፍረት ነው፤ ቀለሁ ብቻ በ2 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ጣሊያኖች ከ1934ቱ ቤሬታቸው ጋር «አጭሩ ዘጠኝ» ይሉት የነበረው ነው። ትንሽ ሽጉጥ፣ አጭር ጥይት፤ ስለዚህ ትንሽ ትራገጣለች ብዬ ደመደምኩ። የዕድሜ ልክ ስህተት! አንድ ጊዜ ተኮስኳት፤ አውራ ጣቴ ሥር በበትር የተመታሁ መሰለኝ። ሽማግሌው በሳቅ እያየኝ ምክንያቱን አስረዳኝ፤ ከባድ መሣሪያ ርግጫውን ራሱ ይውጠዋል፣ ቀላል መሣሪያ ግን የሚውጥበት ሥጋ ስለሌለው ለእጅህ ያስረክበዋል። አሜሪካኖች እነዚህን ሚጢጢዎች «የአይጥ ሽጉጥ» ይሏቸዋል። የእኔዋ አይጥ በቅሎ ሆና ነው የረገጠችኝ።

ሁለተኛዋ አምስት ጎራሽ ናት። (የጥይትን ቁጥር በጉርሻ የሚቆጥር ቋንቋ ከእኛ ሌላ ካለ ንገሩኝ።) ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ከ1950 ጀምሮ የሚሠራው የትናንሽ ሪቮልቨር ዘር አለ፤ ከነሱ አንዷ 642 ትባላለች። መምቻዋ ከውስጥ የተሸፈነ ስለሆነ ከኪስ ስትወጣ ጨርቅ አትይዝም። የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ ማቀባበል የለም፤ ቃታውን መሳብ ብቻ። ሽማግሌው ይቺን ሲያነሳ ድምፁ ለዘብ አለ፤ እሱ ራሱ የሚይዛት እሷን ነው። ችግሩ ቃታው ነው። ለመሳብ አምስት ኪሎ ገደማ ጉልበት ይጠይቃል፤ ከሽጉጧ ክብደት ከአሥር እጥፍ በላይ! ስስበው እጄ በሙሉ አብሮ ይሳባል። ከስድስት ሜትር ተኩል ርቀት አምስቱንም አጎረስኳትና አምስቱንም ተኮስኩ። ወረቀቱ ላይ የተሳለው ሰውዬ ጆሮው አጠገብ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ይዞ በሰላም ቆሟል።

«አትዘን» አለኝ ሽማግሌው፤ «ትናንሾቹ የባለሙያ መሣሪያ ናቸው። ጀማሪ የሚማረው በትልቁ ነው።»

እንዲያ ከሆነማ ትልቁን ስጠኝ አልኩ። ግሎክ 19 ሰጠኝ፤ 15 ጎራሽ። ጋስተን ግሎክ የሚባለው ኦስትሪያዊ ሽጉጥ ከመሥራቱ በፊት የመጋረጃ ዘንግና ቢላዋ ይሠራ ነበር። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ የቤት ዕቃ ሰው ነው ማለት ነው። እውነትም እጄ ላይ እንደ ቤት ዕቃ ተስማማኝ። አሥር ተኮስኩ፤ ስምንቱ ደረት ላይ። ኩራቴን ልነግራችሁ አልችልም። ከዚያ ባዶውን ሸሚዜ ሥር ሸጎጥኩትና መስታወት ፊት ቆምኩ። ቦርጬ ከፊት፣ ግሎኩ ከጎን። የኮንዶሚኒየም በረንዳ መሰልኩ።

ጉዳዩ ይኸው ነው። የምመታበት አይሸጎጥም፤ የሚሸጎጠውን አልመታበትም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ይህ የኪስ ሽጉጥ ሠሪዎች ሁሉ ሲታገሉት የኖሩት ነገር ነው፤ ሽማግሌው እንደሚለው ትግሉን ትንሽ ያቀለለችው በ2018 የወጣችው ሲግ ሳወር ፒ 365 ናት። ቁመቷ ከአይጦቹ ብዙም ሳይርቅ፣ ጥይቱን ካዝናዋ ውስጥ በግራና በቀኝ እያጣመመች ስለምታሰልፍ አሥር ትጎርሳለች፤ ያውም ሙሉ 9 ሚሊ ሜትር። ክብደቷ ግማሽ ኪሎ። በእሷ ከአሥር አምስቱን አገባሁ። ለአማካይ ሰው አማካይ ሽጉጥ ይሻላል ብዬ ልቤን እሷ ላይ ጣልኩ፤ ግን ያን ቀን አልገዛሁም። ሽማግሌው ራሱ ነው የከለከለኝ። «መጀመሪያ የመያዣ ፈቃዱን ኮርስ ተማር፤ ደግሞ ይቺን ይዘህ ሂድ» ብሎ ሰማያዊ ፕላስቲክ ሸጠልኝ። ቁርጥ እሷን የምትመስል፣ ከቀለሟ በቀር። አትተኩስም፣ አትከፈትም፤ ለልምምድ ናት። አንድ ሳምንት ታጥቀሃት ዋል አለኝ።

ያ ሳምንት!

መጀመሪያ የተማርኩት ትጥቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ነው። አማርኛ ይህንንም ቀድሞ ያውቃል፤ መታጠቅ መጀመሪያ ወገብን ማሰር ነው፣ መሣሪያው ከዚያ በኋላ ይመጣል። እኔ ግን በአሮጌ ለስላሳ ቀበቶ ነበር የጀመርኩት። ሰማያዊዋን ከነአፎቷ ቀኝ ሽንጤ ላይ ሸጎጥኩና ደረጃ መውረድ ስጀምር ሱሪዬም አብሮኝ ይወርድ ጀመር። ትጥቅ ፍታ የሚባለው ይህ ነው። ቀጥ ብሎ የሚቆም ወፍራም የቆዳ ቀበቶ 70 ዶላር ወጣብኝ። አፎቱም ቀላል ነገር አይደለም፤ ቃታው ያለበትን ቦታ ሙሉ በሙሉ የማይሸፍን አፎት አፎት አይባልም ብሎ ሽማግሌው አስምሎኛል። ከፊት፣ ከእምብርት ዝቅ ብሎ መሸጎጥ አሁን ፋሽን ነው አሉ። ሞከርኩት። ቆሜ ደህና ነበርኩ፤ ቁጭ ስል ቦርጬ ከላይ፣ ብረቱ ከታች ሆነው ተከራከሩብኝ። ቦርጬ አሸነፈ።

ሁለተኛው የባሰ ነው። የፈረንጅ ሰውነት የግሉ ነው፤ በእጅ ሰላምታ አንድ ክንድ ርቆ ይኖራል፤ ሽንጡን የሚነካው ሐኪምና ሚስቱ ብቻ ናቸው። የሐበሻ ሰውነት ግን የሕዝብ ነው። ቡና ሲፈላ በርጩማ ላይ ስቀመጥ ሸሚዜ ከኋላ ተሰበሰበና ሰማያዊዋ እጀታ ለጎረቤት ሁሉ ታየች። መሶብ ላይ ጎንበስ ስል ጎድኔን ወጋችኝ። ቅዳሜ ሠርግ ነበረብን፤ ከላይ እስከ ታች የሀገር ልብስ ለበስኩ፤ የሀገር ልብስ ቀበቶ የለውም። ሰማያዊዋን ቀጭን ሱሪው ላይ በመቀነት አሰርኳት። እስክስታ ሲመታ መውረድ አልነበረብኝም። ወረድኩ። ሦስተኛው ትከሻ ላይ ሰማያዊዋ በእግሬ መውጫ በኩል ጫማዬ ላይ ዱብ አለች። አጠገቤ የነበረ ሕፃን አነሳትና «አባባ፣ አሻንጉሊትህ ወደቀ» ብሎ ሰጠኝ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ሳቀ። ሰማያዊ በመሆኗ ፈጣሪን አመሰገንኩት።

እሑድ ደግሞ አክስቴ ቤት። አክስቴ ሰው ስታቅፍ እንደ ሐኪም ነው፤ ጀርባውን ታሻለች፣ ጎኑን ትዳብሳለች፣ ከስቶ እንደሆነ ትመረምራለች። እጇ ሽንጤ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፊቷ ተለወጠ።

«ልጄ፣ ይቺ እብጠት መቼ ነው የወጣችብህ?»

«ምንም አይደለም እትዬ።»

«ምንም አይደለም ትለኛለህ? እንደ ድንጋይ ጠንክራለች! ሐኪም አይቷታል?»

ምን ልበላት? ሽጉጥ ነው ብላት ትወድቃለች። የሽጉጥ ቅርጽ ያለው ፕላስቲክ ነው ብላት አበደ ትላለች። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሷ በራሷ ተረጎመችው። ጸበል አመጣች፤ ከሸሚዜ በላይ ረጨችልኝ፤ ቆማ ጸለየች፤ አለቀሰችም። ማታ ሚኒሶታ ያለው የአጎቴ ልጅ ደውሎ «አይዞህ፣ አሁን እኮ መድኃኒት አለው» አለኝ። ማንም እንዳያውቅ ተብሎ የተሠራች ዕቃ በአንድ እሑድ ውስጥ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሚኒያፖሊስ ታተመች።

ኮርሱን ቅዳሜ ሙሉ ተማርኩ። ቨርጂኒያ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ለፈቃድ የኢንተርኔት ኮርስ አትቀበልም፤ በአካል መሄድ ግድ ነው። አሠልጣኙ የቀድሞ ፖሊስ ነው፤ ፉከራ አይወድም። ሁሉም መሣሪያ ጥይት እንደጎረሰ ቁጠር፤ አፈሙዙን ልታጠፋው ወደማትፈልገው ነገር አታዙር፤ ዓይንህ ኢላማው ላይ እስኪያርፍ ጣትህ ቃታው ላይ አይረፍ፤ ከኢላማው ኋላ ምን እንዳለ እወቅ። ይህን አራት ጊዜ አስደገመን።

ከምሳ በኋላ ግን ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ። «ሁላችሁም የመጣችሁት ሌባ ፈርታችሁ ነው» አለ። ቀጥሎ ቁጥር ነገረን። በ2021 አሜሪካ ውስጥ ከ48 ሺህ በላይ ሰዎች በጦር መሣሪያ ሞተዋል፤ ከነሱ ከ26 ሺህ በላይ የሚሆኑት በገዛ እጃቸው ነው። «ሽጉጥ ከመግዛታችሁ በፊት ቤታችሁ ውስጥ ያዘነ ሰው እንዳለ ጠይቁ። ራሳችሁንም ጨምራችሁ።» ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ ሁለት ለቅሶ ትዝ አለኝ፤ ሁለቱም ወጣቶች ናቸው፤ ሁለቱም ጋ ስንሄድ «በድንገት ነው» ተባልን፣ እኛም ነፍስ ይማር ብለን ከዚያ በላይ አልጠየቅንም። ደግሞ በታሪካችን ስሟ የገነነው ሽጉጥ የቷ ናት ብዬ አሰብኩ። ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ቴዎድሮስ የሰጠቻቸው ናት፤ በ1868 መቅደላ ላይ ንጉሡ ያለፉት በእሷ ነው። ቤቴ ገብቼ ከሚስቴ ጋር ያን ማታ ብዙ አወራን፤ የተነጋገርነው ግን ለዚህ ወግ አይሆንም።

አሠልጣኙ የሰጠን የቤት ሥራ ነው ጉዴን ያወጣው። «የሳምንታችሁን መንገድ ጻፉና በየትኛው ላይ ይዛችሁ መሄድ እንደምትችሉ ምልክት አድርጉ» አለ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እኔ ወረቀት፣ ሚስቴ እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥን።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ። ሥራዬ ዲሲ ነው። ዲሲ የቨርጂኒያን ፈቃድ አትቀበልም፤ 14ኛው ስትሪት ድልድይን ታጥቄ ብሻገር ወንጀለኛ ነኝ። ሚስቴ ሰረዘችው። ያ የሚከተለኝ የእግር ድምፅ ያለው እኮ እዚያ ነው! ቅዳሜ ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቅቤና በሶ ግዢ። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው፤ ሜሪላንድ የማንንም ክፍለ ግዛት ፈቃድ አትቀበልም። ተሰረዘ። ቅዳሜ ማታ ኡበር እነዳለሁ፤ ኡበር ከ2015 ጀምሮ መኪና ውስጥ መሣሪያ ከልክሏል፣ ለነጂም ለተሳፋሪም። ተሰረዘ። እሑድ ቅዳሴ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ዲሲ ነው። ሚስቴ ሳታየኝ ሰረዘችው። የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ አይሆንም። ፖስታ ቤት፣ የፌዴራል ነው። ልጄ ኳስ የሚጫወትበት መናፈሻ፤ የአሌክሳንድሪያ ከተማ በ2020 በመናፈሻዎቹና በሕንፃዎቹ ውስጥ መሣሪያ ከልክሏል። ምግብ ቤት? ቨርጂኒያ ውስጥ ከሆነ ይቻላል፤ ነገር ግን ሸሽጎ የያዘ ሰው እዚያ ቤት መጠጥ አይቀምስም። ክትፎ በውኃ።

«ለዲሲም ለሜሪላንድም ለየብቻ ፈቃድ ማውጣት እኮ ይቻላል» አልኩ። ዲሲ 16 ሰዓት ትምህርትና 2 ሰዓት ተኩስ፣ ሜሪላንድ ደግሞ 16 ሰዓት ይጠይቃሉ።

«34 ሰዓት» አለች ሚስቴ ደምራ። «34 ሰዓት ኡበር ብትነዳበት የወሩን መብራትና ውኃ ይከፍላል።»

ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ቀርቶ ነበር፤ ከቤታችን እስከ እንጀራ መሸጫው። የስምንት ደቂቃ መንገድ ነው። እሷ ላይ ትልቅ ምልክት አደረገችና እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«አሥር እንጀራ ለማጀብ አሥር ጥይት። ደህና ነው፣ ለእያንዳንዱ ይደርሰዋል።» ትንሽ ዝም ብላ ጨመረች፤ «አንተ እኮ የመኪና ቁልፍህን በሳምንት አራት ጊዜ የምታፈላልግ ሰው ነህ። አማችህ ‹እንደ ቁልፍ ነው› ሲልህ እኔ የፈራሁት ይሄንኑ ነው።»

ይህን ሁሉ ሰምቼ ገዛሁት? ገዛሁት። የሰው ልጅ አንዴ መስታወት ሥር ያየውን ነገር አይረሳም። የግዢው ወረቀት ራሱ ታሪክ ነበር። የቤተሰብ ስም በሚለው ሳጥን የአባቴን ስም ጻፍኩ፤ የአባቴ ስም የግማሹ ሀገር አባት ስም ነው። የክፍለ ግዛቱ ፖሊስ 2 ዶላር ተቀብሎ ማንነቴን ሲያጣራ «ቆይ» የሚል መልስ መጣ። የትኛው ስመ ሞክሼ ምን አጥፍቶ እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ በሦስተኛው ቀን ከሱ ተለይቼ ነጻ ወጣሁ። የመያዣ ፈቃዱን ያወጣሁት ከፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ነው፤ 50 ዶላር ከፈልኩ፤ በ45 ቀን ውስጥ ይወጣል ተባልኩ፣ ወጣም።

አሁን መኝታ ቤታችን ውስጥ፣ ልብስ መስቀያው ሥር፣ በብሎን ግድግዳ ላይ የታሰረች ትንሽ የብረት ካዝና አለች። ከ14 ዓመት በታች ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ በግዴለሽነት መተው በቨርጂኒያ ያስከስሳል፤ ባያስከስስም ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እንግዲህ አማርኛችን የጥይት መያዣውንም ካዝና፣ የገንዘብ መቆለፊያውንም ካዝና ስለሚል፣ ሽጉጤ ካዝናዋን ይዛ ካዝና ውስጥ ገብታለች። ተሸጉጣለች። እንደ እሷ የተሸጎጠ ሽጉጥ በምሥራቅ አሜሪካ ያለ አይመስለኝም። ሚስቴ «ላም አለኝ በሰማይ» ትላታለች። በወር አንድ ጊዜ ሽማግሌው ጋ ወስጄ እተኩስባታለሁ፤ አሁን ከአሥር ሰባት ላይ ደርሻለሁ። ወፍራሙን ቀበቶ ግን በየቀኑ አደርገዋለሁ፤ በጣም ጥሩ ቀበቶ ነው።

ፈቃዱንም በየቀኑ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እወጣለሁ። አምስት ዓመት ይሠራል፤ ሁለቱ አልፈዋል። ዲሲም ሜሪላንድም ቤተ ክርስቲያንም ቅዳሴም ገብቷል፤ ወረቀት የከለከለ የለም። አክስቴ እብጠቱ በጸበሉ መጥፋቱን ለሰው ሁሉ ትመሰክራለች፤ እኔም አላስተባብልም።

አማቼ ዘንድሮም ለፋሲካ እመጣለሁ ብሏል። ቀኝ እጁ ነው የሚቀናው። እናንተም ከቴክሳስ ዘመድ ከመጣላችሁ ቀኝ ሽንጡን ተዉለት፤ በግራ በኩል እቀፉት።